የፈጣሪ ጠበቆች ውዳሴ

በሰሜን ሸዋ ፈጣሪ ጠበቃ አጥቶ አያውቅም። በተለይ በደብረ ብርሃን፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ በሻይ ቤት ደጃፍ የአምላክን ጉዳይ በነጻ የሚከራከር ሰው ሳያጋጥም ከጠባሴ ተነሥቶ መሐል ከተማ መድረስ ያስቸግራል። እነዚህ ጠበቆች «አምላክ የለም» የሚል ወጣት አፉን በከፈተ ቁጥር ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ስለሚጨርሱ፣ ለማዳመጥ ይባክን የነበረውን ጊዜ በማትረፍ ለአገር የዋሉት ውለታ እስካሁን ሳይነገርላቸው መቅረቱ ያሳዝናል።

አንድ ተማሪ፣ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ታይቶ ለከተማዋ ስም የሆነው ብርሃን አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት እ.ኤ.አ. በ1456 ያለፈው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ከሆነ የአምላክ እጅ የቱ ላይ ነው ብሎ ጠየቀ እንበል። ብልጠት የጎደለው አማኝ ቢሆን፣ ኤድመንድ ሃሌይ በ1705 የኮከቡን መንገድ አስልቶ በ1758 ገደማ እንደሚመለስ መተንበዩን፣ ኮከቡም መመለሱን ያስታውስና፣ ሰማይ በሰው አእምሮ የሚሰላ ሥርዐት ያገኘው ከወዴት ነው፣ መንገዱን ማወቅስ መንገዱን ያበጀውን ያስቀራልን እያለ ተማሪውን መልሶ በጥያቄ ያደክመው ነበር። ጠበቃችን ግን ይህን ሁሉ አይዞርም። «የማን ልጅ ነህ?» ይላል፤ ቀጥሎም «አያትህ ጦጣ ናቸው?» ሲል ሳቁ ክርክሩን ይዘጋዋል። የዝግመተ ለውጥን ሐሳብ ያቀረበው ዳርዊን ሰውና ጦጣ የጋራ ጥንታዊ ዘር አላቸው እንጂ የማንም አያት ጦጣ ናቸው አላለም፤ ይህን ለማወቅ ግን መጽሐፍ መግለጥ ያስፈልጋል፣ የጠበቃችን እጅ ደግሞ ከጋቢው አይወጣም።

ተማሪው ከጸና «ዳርዊን ራሱ ሊሞት ሲል ንስሐ ገብቷል» የሚለው ይመዘዛል። ሰውየው በ1882 ሞቶ ወሬው የታተመው በ1915 ነው፤ በሞቱ ጊዜ አጠገቡ የነበረች ልጁ ሄንሪዬታም በ1922 ሐሰት መሆኑን ጽፋለች። እውነት እኔ ነኝ ላለ ጌታ ሐሰተኛ ምስክር መጥራት ድፍረት ይጠይቃልና ሊደነቅ ይገባል። (የዓለምን መስፋትና ጅማሬ ያሰላው ቤልጅጋዊው ቄስ ለሜትር ግን፣ የሮማው ጳጳስ በ1951 ግኝቱን የፍጥረት ማስረጃ አድርገው ሲያነሡት ቅር ተሰኝቶ ነበር። እንዲህ ያለ ፈሪ ሰው ለእኛ ሻይ ቤት አይሆንም።)

ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቁአችሁ መልስ ስጡ ሲል «በየዋህነትና በፍርሃት» የሚል ጨምሮበታል። ይህ ለቆላ ሰው የተጻፈ መሆን አለበት፤ በእኛ ብርድ ካልጮኹ አይሞቅም።

ከሁሉ የሚያስመሰግናቸው ግን ከባዱን ጥያቄ የሚፈቱበት ፍጥነት ነው። ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ያለቀሱበትን፣ ቸር አምላክ እያለ ሕፃን ለምን ይሠቃያል የሚለውን ጥያቄ፣ ልጇን የቀበረች እናት እየሰማች «በኃጢአት ነው» ብለው ሻዩ ሳይበርድ ይጨርሱታል። በዚህም የኢዮብን ወዳጆች እነ ኤልፋዝን ይመስላሉ፤ እነርሱም በአመድ ላይ ለተቀመጠው ኢዮብ ስለ አምላክ ጠበቃ ሆነው ብዙ ምዕራፍ ተናግረዋል። በመጨረሻው ምዕራፍ ግን አምላክ የተቆጣው እስከ መሟገት ደርሶ ለምን ብሎ በጠየቀው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በጠበቆቹ ላይ ነው፤ መሥዋዕት አቅርበው ኢዮብ እንዲጸልይላቸውም አዝዟቸዋል። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ ስላለው የእኛዎቹ እስከዚያ እንዲዘልቁ መጠበቅ ግፍ ነው።