ምስጋና ለአራቱ ፍሬቻ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በብስክሌት ስሄድ አንድ ጨዋ ሰው የመኪናውን በር ከፈተልኝ። ክርኔ ላይ። መኪናው የቆመው እዚያው የብስክሌት መንገዱ ላይ ነው፤ ሁለት ጎማው ጠርዙ ላይ ወጥቶ፣ አራቱም ፍሬቻ ብልጭ ድርግም እያለ።

መቼም ይህን ሰው የማያውቅ የለም። ዛሬ ላመሰግነው ነው የመጣሁት።

በተለይ ስለ ፍሬቻው። አራቱ ከበሩ በኋላ መኪናው የለም ማለት ነው። ጥፋት የለም፣ ትራፊክ የለም፣ ከኋላ የሚመጣም ብስክሌተኛ የለም። ማኪያቶው እስኪጠጣ፣ ዳቦው እስኪገዛ፣ የስልኩ ወሬ እስኪያልቅ ያው "ለአንድ ደቂቃ ነው"።

ቀናሁበት። እኔም አራት ፍሬቻ ገዝቼ ብስክሌቴ ላይ ላስገጥም ነው። ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ቤቱ እሄዳለሁ። ሳሎኑ መሀል፣ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል አቆምና አራቱንም አበራለሁ። ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ ብለው "ምንድን ነው ይሄ?" ሲሉኝ "ለአንድ ደቂቃ ነው እትዬ፣ ፍሬቻ አብርቻለሁ" እላለሁ። ልጆቹ በሶፋው ጀርባ ተሽሎክሉከው ይለፉ፣ ምን ቸገረኝ። ወጡ ከቀረበ አንድ ሁለቴ እጎርሳለሁ። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይፈላል፣ እኔም ብልጭ ድርግም እላለሁ። እሱ ራሱ መጥቶ "ውጣ!" ቢለኝ ቀና ብዬ ሳላየው፣ ስልኬን እያወራሁ፣ በጣቴ "ትንሽ ጠብቅ" እለዋለሁ። ስወጣ ረከቦቱን በፔዳሌ ገጭቼ ብገለብጠው ዞሬ የምቆጣው እኔ ነኝ፦ "ረከቦት እዚህ ምን ይሠራል?"

"ብስክሌት ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ ነው" የሚሉም አሉ። እሺ። ግን ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ብስክሌት ውድድር 24ኛ ወጥተዋል። 23 ሰው ቀደማቸው። በር የከፈተባቸው ግን አልነበረም።

ቆይ፣ ቀልዱ ይቅር። የእሱ መኪና ባምፐር አለው፣ ኤርባግ አለው። የእኔ ባምፐር ግንባሬ ነው። በሩ ትንሽ ወደ ግራ ቢገፋኝ ኖሮ ከኋላ የሚመጣው አውቶቡስ ሥር ነበርኩ። ከዚያ በኋላ የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። "ድንገት ገባብኝ።" "አላየሁትም።" ሽማግሌ ይላካል። ድንኳን ውስጥ ደግሞ "ቀኑ ደርሶ ነው" ይባላል። የምን ቀን! ቀኑን ያደረሰው መስታወት ሳያይ በር የበረገደ ሰው ነው! በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ለተጎጂው ድንገተኛ ሕክምና የቆረጠው እስከ 2,000 ብር ነበር። በዚህ ብር የመኪና በር ቀለም የሚቀባ ጋራዥ ካወቃችሁ ጠቁሙኝ።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ።

ሰውዬው ወርዶ መጀመሪያ ያየው በሩን ነው። ጎንበስ አለ። ጠርዙ ላይ ቀላ ያለች መስመር አለች። አውራ ጣቱን ምራቅ ነካ አድርጎ አሻት። ለቀቀች። ጭረት መስሎት ኖሮ ደም መሆኑን ሲያይ ፊቱ ፈካ፣ "ተመስገን" አለ።

እኔ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። "ጋሼ፣ የብስክሌት መንገድ ላይ እኮ ነው ያቆሙት" አልኩት።

"ፍሬቻ አብርቻለሁ አይደል እንዴ! በል አሁን ብስክሌትህን አንሳ፣ መንገድ ዘግተሃል።"