ሲ ሞልቷል፣ ካርታው ግን አያምንም

ሲ ድራይቭ ቀልቷል። ዊንዶውስ «180 ጊጋ ተይዟል» ይላል። ዲስኩን ምን እንደሞላው በካርታ የሚያሳየው ፕሮግራም፣ ዊንዲርስታት፣ ስንት ደቂቃ ፈጅቶ፣ ያንን ዥንጉርጉር ካርታውን ዘርግቶ ሲደምር 140! 40 ጊጋ የት ገባ? ጅብ በላው?

ጅብማ አልበላውም። ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን ፎልደር ዘሎ እንዳለፈ አፍ አውጥቶ አይናገርም እንጂ! እንደ አድሚን (በኮምፒውተሩ ባለሙሉ ሥልጣን) ካልተከፈተ የሌላ ተጠቃሚ ፎልደር ውስጥ አይገባም። አድሚን ሆኖም «ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን» የሚባለው ፎልደር ሊዘጋበት ይችላል፤ ሪስቶር ፖይንት (ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው መመለሻው) የሚከማቸው ደግሞ እዚያው ነው። ዊዝትሪ የሚባለው ሌላው ፕሮግራም ፎልደር ለፎልደር መዞሩን ትቶ የኤንቲኤፍኤስን (ዊንዶውስ ፋይል የሚያደራጅበትን ሥርዓት) ዋና መዝገብ በቀጥታ ስለሚያነብ በሴኮንዶች ይጨርሳል፣ ይህንንም ያያል። እሱም አድሚን ይፈልጋል። ታዲያ «በአድሚን ክፈቱኝ» ብሎ መጀመሪያ መስኮቱ ላይ በትልቁ መጻፍ ምን ይገድላል?

ድምሩ ሲያንስ እንዲህ ነው፤ ሲበዛ ይብሳል። ዊንዶውስ የራሱን ክፍሎች የሚያስቀምጥበት ዊንኤስኤክስኤስ የሚባለው ፎልደር በሃርድ ሊንክ የተሞላ ነው፦ ፋይሉ ዲስኩ ላይ አንዴ ተቀምጦ ሁለት ቦታ ስም አለው። ብዙው መሣሪያ ሁለቴ ይቆጥረዋል። ተጠቃሚው ግዙፉን ሣጥን አይቶ ይጎመጃል፣ ዲሊት! ከዚያ ዊንዶውስ አልነሳም ይላል። ይህ ፎልደር በእጅ አይነካም። ዲስክ ክሊንአፕ ከፍቶ፣ የሲስተም ፋይሎች ማጽጃ ውስጥ ገብቶ፣ የዊንዶውስ አፕዴት ማጽጃን መምረጥ ነው።

(ቀለሙም ያሳስታል። ቀለም የፋይል ዓይነት ነው፣ ቀይ ማለት አደጋ አይደለም። መጠን የሚለካው በሣጥኑ ስፋት ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ቤን ሽናይደርማን እ.ኤ.አ. በ1990 የዚህን የሣጥን ካርታ ሐሳብ ሲጠነስስ 14 ሰው የሚጋራው 80 ሜጋባይት ዲስክ ሞልቶበት፣ ቦታውን ማን እንደያዘው ለማየት ነበር።)

ከሁሉ የሚያበግነው የዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) ፋይል ነው። ክላውድ ላይ ብቻ ያለ ቪዲዮ ካርታው ላይ 8 ጊጋ ሆኖ ይንሰራፋል። ፕሮፐርቲስ ይከፈት፦ «ሳይዝ» 8 ጊጋ፣ «ሳይዝ ኦን ዲስክ» 0! ቢደመሰስ ሲ ላይ አንዲት ሜጋ አትለቀቅም፣ የክላውዱ ቅጂ ግን አብሮ ይሄዳል። ወርዶ ቦታ የያዘውን ፋይል ለማቅለል በቀኝ ተጭኖ «ፍሪ አፕ ስፔስ» ማለት ይበቃል።

የሃይበርኔት ፋይሉም አለ (ኮምፒውተሩ የተከፈተውን ሥራ ዲስክ ላይ አስቀምጦ የሚጠፋበት)፤ ራሙ 16 ጊጋ በሆነ ኮምፒውተር 6.4 ጊጋ ገደማ ይይዛል። ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሲደመስሱት «ሥራ ላይ ነው» ይላል። መፍትሔው ሃይበርኔትን ማጥፋት ነው፤ ፋስት ስታርትአፕም (ዊንዶውስን ቶሎ የሚያስነሳው) አብሮ እንደሚጠፋ ግን የሚያስጠነቅቅ የለም።

ደግሞ 512 ጊጋ ተብሎ 476 ያየ ሰው 36 ጊጋ ፍለጋ ስካን አይደጋግም። ፋብሪካው በ1,000፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚያካፍሉ ነው።