«ሞቷል» የተባለ ጀርም በማስረጃ ይምጣ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 አትላንታ በሚገኘው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ በፎርሚክ አሲድ ተዘፈዘፈ፤ «ሞቷል» ተብሎም ዝቅተኛ ጥበቃ ወዳላቸው ላቦራቶሪዎች ሄደ። ማረጋገጫው ናሙናውን የጀርም ማብቀያ ሳህን ላይ ዘርቶ 24 ሰዓት መጠበቅ ነበር። ምንም አልበቀለም። ሳህኖቹ ሊወገዱ ሲሉ ግን የአውቶክሌቩ (በግፊት እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን) በር አልከፈት አለና ወደ ኢንኩቤተር (ጀርም የሚያድግበት ሙቅ ሳጥን) ተመለሱ። ከቀናት በኋላ ሲታዩ ባክቴሪያው በቅሎ ተገኘ። ከ70 በላይ ሠራተኞች ሳይጋለጡ አልቀሩም ተባለ። ደግነቱ የታመመ የለም፤ በሩ ባያስቸግር ግን ማንም ባላወቀ ነበር።

ዘዴው የተወሰደው ብሩሴላ ከሚባል፣ ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፍ ሌላ ባክቴሪያ ሥራ ነው። ብሩሴላ ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው የተኛ የባክቴሪያ ቅርጽ) አይሠራም፤ አባ ሰንጋ ግን ይሠራል፣ ስፖሩም ብዙ ኬሚካል ይቋቋማል። የተጎዳ ስፖር ዘግይቶ ስለሚበቅል የአንድ ቀን ጥበቃ አይበቃም። ፈሳሹም ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አልተጣራም።

እ.ኤ.አ. በ2004 ቤጂንግ ውስጥም በደንብ ያልሞተ የሳርስ (ከባድ የመተንፈሻ በሽታ) ቫይረስ ከላቦራቶሪ ጥብቅ ክፍል ወጥቶ 9 ሰዎች ታመሙ፤ አንዲት ሴት ሞተች። እ.ኤ.አ. በ2019 በቻይናዋ ላንዡ ያለ የእንስሳት ክትባት ፋብሪካ ጊዜው ባለፈበት ፀረ ጀርም ተጠቅሞ ብሩሴላ ከጭስ ማውጫው ወጣ፤ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች በምርመራ ተገኘባቸው።

እኛ ዘንድ ስለ ላቦራቶሪ ደህንነት ሲወራ ጓንትና ጭንብል ይቀድማል። እኔ የሚያሰጋኝ አውቶክሌቩ ነው። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። በባሕር ጠለል 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሰጣል። 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ያው 15 የሚያደርሰው 117 አካባቢ ነው፤ 121 ለመድረስ ወደ 19 ይጠጋል፣ ያውም ማሽኑ ይህን ግፊት እንዲችል ተሠርቶ ከሆነ። ስለዚህ ግፊቱን ሳይሆን ሙቀቱን ማንበብ ግድ ነው። ዕቃው ላይ የተለጠፈ፣ በሙቀት ቀለሙ የተቀየረ ፕላስተርም ሙቀት እንደነካው እንጂ መሃል ያለው ጀርም እንደሞተ አይመሰክርም። አፉ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ የቆሻሻ ከረጢት አየር ያፍናል፣ እንፋሎት አያስገባም። የስፖር አምፑል (ሕያው ስፖር የያዘ ትንሽ የሙከራ ብልቃጥ) ከረጢቱ መሃል ይቀበር፤ ሌላ አምፑል ሳይገባ ይቆይ። የመሃሉ አለመብቀል መሞቱን ያሳያል፤ ውጭ የቀረውም ካልበቀለ ግን ፈተናው ዋጋ የለውም።

በረኪናም እንዲሁ ነው። ክሎሪኑ 5 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በ9 እጅ ውሃ ይበጠበጥ፣ በየቀኑም አዲስ ይዘጋጅ። ደምና አክታ ክሎሪኑን ይጨርሱታል፤ ብርሃንና ሙቀትም ያደክሙታል። በረኪና የነካ ቆሻሻ ደግሞ አውቶክሌቭ ውስጥ አይግባ፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ከጥብቅ ክፍል የሚወጣ ማንኛውም ናሙና የተገደለበት ዘዴ፣ ስንት ቀን ተጠብቆ እንዳልበቀለ እና የኃላፊው ፊርማ ተያይዞለት ይሂድ። ይህ የሌለውን ተቀባዩ ላቦራቶሪ ሳይከፍት ይመልሰው።