ማስተካከያ፦ ጢስ ዓባይ የሚጎበኝበት ወቅት
ስለ ጎጃሙ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ለጉብኝት የተመቸው ወቅት ጥርና የካቲት እንደሆነ መግለጻችን ስሕተት በመሆኑ እናርማለን። በበጋ መንገዱ ደረቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወረወረው ውኃ በእነዚያ ወራት እጅግ ይሳሳል፤ ይህም የሚሆነው ዝናብ በመጥፋቱ ብቻ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች ውኃውን ከፏፏቴው በላይ ጠልፈው ስለሚወስዱት ጭምር ነው። ሙሉ ግርማውን ማየት የሚሻ እንግዳ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ቢሄድ ይመረጣል። ያን ጊዜ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ልብሱ በካፊያው ይርሳል፣ የእግር መንገዱ ጭቃም ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ ምርኩዝ መያዝ አይከፋም።

ከባሕር ዳር ያለው ርቀትም «13 ኪሎ ሜትር» የተባለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተብሎ ይነበብ። በጀልባ መሻገርን ብቻ መጠቆማችንም ጉድለት ነበር፤ ወንዙ ሲሞላ ጀልባው ላይሠራ ስለሚችል፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሠራው የአላታ የድንጋይ ድልድይ በኩል የሚያልፈው መንገድ ይሻላል።