«ኔትወርክህ ነው» አትበሉኝ

ዛሬ ሆዴ ውስጥ የታመቀውን ልዘርግፈው።

ብራውዘር ላይ ፋይል ማውረድ በዚህ ዘመን ሰው የሚበሳጭበት ጉዳይ መሆን አልነበረበትም። ግን አሁንም 3 ጂቢ ፋይል 90 ከመቶ ይደርስና «ፌይልድ፣ ኔትወርክ ኤረር» ብሎ ቀጥ ይላል። «ሪዚዩም» የምትለዋን ስትጫኗት ከቆመበት አይቀጥልም። ከዜሮ ይጀምራል። የወረደው ዳታ ግን ከፓኬጃችሁ ላይ ተቀንሷል። እሱን ማንም አይመልስላችሁም።

የእኔን ልንገራችሁ። ከፍዬ የምከታተለው የኦንላይን ሥልጠና አለ። ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። የየምዕራፉን ቪዲዮዎች በአንድ ትልቅ ዚፕ ጠቅልለው ሊንክ ይልኩልናል። ሊንኩ የሚሠራው ለአንድ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት! እዚህ አዲስ አበባ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ በሚሆንበት ምሽት በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ካገኘሁ ተመስገን ነው። በዚያ ፍጥነት 1 ጂቢ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። 3 ጂቢ ደግሞ ምንም ሳይቋረጥ ከሦስት ሰዓት በላይ። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን የሌሊት ፓኬጅ ገዝተን ከሌሊቱ 7 ሰዓት 8 ሰዓት ድረስ የምናመሸው። በነጋታው ሥራ አለ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ጊዜው የተገደበ ሊንክ ሲሆን ሰርቨሩ፣ ማለትም ፋይሉ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ሰዓቱ ማለፍ አለማለፉን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣራው ማውረድ ስትጀምሩ ነው። አንዴ ከጀመራችሁና መስመሩ ካልተበጠሰ፣ ሰዓቱ ቢያልፍም ፋይሉ መውረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ፈጣን መስመር ያለው ሰው ችግሩን በሕይወቱ አያየውም። እኛ ጋ ግን መብራት ብልጭ ይላል፣ ዋይፋዩ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ብራውዘሩ ካቆመበት ሊቀጥል ሰርቨሩን እንደገና ሲጠይቅ፣ አሁን የሚያቀርበው ሊንክ ጊዜው ያለፈበት ነው። ሰርቨሩ 403፣ ማለትም «አልተፈቀደልህም»፣ ብሎ በሩን ይዘጋበታል። ብራውዘሩ ይህን በአግባቡ አያስረዳችሁም። «ፌይልድ» ይላችኋል፣ አለቀ። እናንተም ጥፋቱ የራሳችሁ እየመሰላችሁ ራውተሩን ታጠፋላችሁ፣ ታበራላችሁ።

ለድጋፍ ክፍላቸው ጻፍኩ። መልሱ «የኢንተርኔት ግንኙነትዎን ያረጋግጡ፣ ሌላ ብራውዘር ይሞክሩ፣ ካሽ ያጽዱ» የሚል ነበር። በደንብ ዘርዝሬ መልሼ ጻፍኩላቸው። ሊንኩን ለሁለት ቀን አርጉት፣ ወይም ቪዲዮዎቹን ነጣጥላችሁ አስቀምጡ አልኳቸው። ያው መልስ ቃል በቃል ተመልሶ መጣ። እኔን ያናደደኝ መቋረጡ አይደለም። መቋረጥ ለምደናል። ያናደደኝ ከቆመበት የሚቀጥልበትን መንገድ ራሳቸው ዘግተው «ኔትወርክህ ነው» ማለታቸው ነው።

ከቆመበት መቀጠል እኮ አዲስ ነገር አይደለም። ኤችቲቲፒ 1.1፣ ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ ጀምሮ ውስጡ አለ። ብራውዘሩ «እስከዚህ ባይት ወስጃለሁ፣ የቀረውን ስጠኝ» ይላል። ሰርቨሩ ከተስማማ 206 ብሎ የቀረውን ብቻ ይልካል። ካልተስማማ 200 ብሎ ፋይሉን ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ ያፈሰዋል። በቃ፣ ይሄው ነው። ይህ የተጻፈው ዓለም በስልክ መስመር ሞደም እየተንቀረፈፈች በነበረበት ጊዜ ነው። ያኔ የነበሩ ሰዎች መስመር እንደሚበጠስ ያውቁ ነበር። ፋይበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራው የዛሬው ሰው ነው የረሳው።

ሌላም አለ። ክላውድ ላይ ያለ ፎልደር በሙሉ «አውርድ» ስትሉ ዚፑ ብዙ ጊዜ በዚያው ቅጽበት እየተጠቀለለ ነው የሚላክላችሁ። ለዚህ ነው ጠቅላላ መጠኑ የማይታየው፣ ስንት እንደቀረም የማይነግራችሁ። እንዲህ ያለው ከተቋረጠ የሚቀጥልበት ነገር የለውም፣ ሰርቨሩ ጋ የተቀመጠ ፋይል የለማ። ፎልደሩን ከፍታችሁ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አውርዱ። አሰልቺ ነው፣ ግን ቢቋረጥ የምታጡት አንዷን ብቻ ነው።

እርግጥ ጥፋቱ እኛ ጋ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ላፕቶፑ ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል፣ ዳውንሎዱም አብሮት ይተኛል። ዲስኩ ሊሞላ ይችላል። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው የቆየ የፋይል አቀማመጥ ከሆነ ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ አንድ ፋይል ጭራሽ አይቀበልም፣ ባዶ ቦታ ቢኖረውም። 100 ከመቶ ላይ ደርሶ ዝም ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንቲቫይረሱ እየፈተሸው ነው፣ ትንሽ ታገሡት። እነዚህን ሳታዩ ሰው አትውቀሱ።

ሲቋረጥባችሁ ግን እባካችሁ ተናዳችሁ የወረደውን አታጥፉት። ክሮም ላይ ያላለቀው ፋይል ስሙ መጨረሻ ላይ «ሲአርዳውንሎድ» የሚል ቅጥያ አለው። ፋየርፎክስ ላይ «ፓርት» ይላል። መጀመሪያ ሌላ ፎልደር ውስጥ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ምክንያቱም ብራውዘሩ ራሱ ሊያጠፋው ይችላል። ከዚያ ለዚያው ፋይል አዲስ ሊንክ አውጡ። ቅጥያውን አንሡና የፋይሉን ትክክለኛ ስም ስጡት። ከዚያ ኩርል ወይም ደብሊውጌት በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ከቆመበት እንዲቀጥል እዘዙት። ሰርቨሩ ከፈቀደ የቀረውን ብቻ ያወርዳል። ትእዛዝ መጻፍ የሚከብዳችሁ ዳውንሎድ ማናጀር፣ ማለትም ማውረዱን የሚቆጣጠር ፕሮግራም፣ ጫኑ። አንዳንዶቹ ጊዜው ባለፈ ሊንክ ቦታ አዲሱን ሊንክ እንድትተኩ ይፈቅዳሉ፣ ያችን ነገር ፈልጓት። ሲያልቅ ደግሞ የፋይሉ ባለቤት የሻ 256 ቁጥር፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ እንደ አሻራ ያለ መለያ፣ አብሮ አውጥቶ ከሆነ ከወረደው ፋይል ቁጥር ጋር አመሳክሩ። እየተቋረጠ እየተቀጠለ የወረደ ፋይል መሐል ላይ ጎዶሎ ሊኖረው ይችላል፣ ያ ደግሞ የሚታወቀው ሲፈልጉት ነው።

ይህን ሁሉ ማወቅ ግን የተጠቃሚው ግዴታ መሆን የለበትም። የ12ኛ ክፍል ተማሪ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ለማውረድ ስለ 206 እና ስለ 403 ማጥናት አለባት? ቤተሰቧ ከዕለት ወጪ ቀንሶ በገዛላት ፓኬጅ አንድን ፋይል ደጋግማ ከዜሮ ስትጀምር፣ የመጨረሻው ሙከራ ላይ ዳታው ሲያልቅባት፣ «ኔትወርክሽ ነው» ይባላል? ዳታ በሜጋ ባይት ለሚገዛ ሰው ይህ የብር ጉዳይ ነው። የማታ እንቅልፍም ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ፋይል የምታስቀምጡ ሰዎች፣ የሥልጠና ተቋም ሁኑ፣ ትምህርት ቤት ሁኑ፣ መሥሪያ ቤት ሁኑ፣ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። ሊንኩ ቢያንስ ለሁለት ሦስት ቀን ይሥራ። ሚስጥር ያልሆነ መጽሐፍማ የማይሞት ሊንክ ይኑረው። ትልቁን ፋይል በየ200 ሜጋ ባይቱ ቆራርጣችሁ አስቀምጡት። መጠኑን ከሊንኩ አጠገብ ጻፉ፣ ሰው ፓኬጁ ይበቃው እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ። ፋይሉን ለሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ ከቢሮው ዋይፋይ ውጡና በተራ የስልክ ዳታ አውርዱት። ግማሽ ላይ ሲደርስ ዳታውን አጥፉ። መልሳችሁ አብሩና ከየት እንደሚቀጥል እዩት።