ኮንክሪት ጎርፍ አያስቀርም
«የቀበናን ወንዝ ግራ ቀኙን በኮንክሪት ብንገነባ፣ ዳሩ ላይ ያለውን ረግረግ በአፈር ብንሞላ ጎርፍ ይቀራል» ላልከው ወንድሜ፦ አይቀርም፤ ታች ላሉት ይደርሳቸዋል እንጂ። ውሃው የሚወርደው ከእንጦጦ ነው፤ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነ ጋራ። ቦሌ 2300 ገደማ ነው። ቁልቁለቱን አስበው! ለስላሳ ኮንክሪት ሲያገኝ ደግሞ ይበርራል። ረግረጉ እኮ ባዶ ቦታ አይደለም። ቄጠማው ውሃውን ያዘገየዋል፣ ደለሉን ያስቀረዋል። ነሐሴ ላይ ጠግቦ ብዙ ባይመጥም እንኳ ውሃው የሚንጣለልበት ቦታ ይሰጣል። ድጋፍ ግንብ አያስፈልግም አላልኩም፤ ቤት ሊናድ ሲል ግድ ነው። የመንገዱ ቱቦ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ክረምት ላይ ፍርግርጉን የሚደፍነውን ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ መቼም አይተኸዋል። የፈለገ ሰፊ ቱቦ ቢቀበር፣ አፉ ከተዘጋ ውሃው አስፋልት ላይ ነው።