ቀላሉ ቦርድ የቱ ነው?

ቅዳሜ ቅዳሜ ለንደን ውስጥ ልጆቻችን አማርኛ የሚማሩበት አዳራሽ በር ላይ ቆመን ስንጠብቃቸው ወሬው ዞሮ ዞሮ ፈተና ላይ ያርፋል። ባለፈው ክርክሩን የጀመረችው ልጇ ዘንድሮ ኤ ሌቭል የሚባለውን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚፈተንላት እናት ናት። እዚህ ፈተናውን የሚያወጡት ቦርድ የሚባሉ ተፎካካሪ ድርጅቶች ናቸው፤ የሚመርጣቸውም ትምህርት ቤቱ ነው።

«የእኔ ልጅ በአንዱ ቦርድ ይፈተናል፣ የእህቴ ልጅ በሌላው። ያለፈውን ዓመት የሒሳብ ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ አየሁት። የእህቴ ልጅ ጥያቄ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ እጁን ይዞ ያደርሰዋል። የእኔው ግን አንድ ረጅም ጥያቄ ተሰጥቶት ከየት እንደሚጀምር ራሱ ይፈልጋል። የሚሻሙት ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይሄ ፍትሕ ነው?»

አጠገቧ የቆመው የሒሳብ መምህር ስልኩን አወጣ። «ጥያቄውን አይተሻል፣ መቁረጫ ነጥቡን ግን አላየሽም» አላት። የየዓመቱን የግሬድ መቁረጫ ሰንጠረዥ ከፍቶ በጣቱ እያሳያት አስረዳት። ወረቀቱ ሲቀል መቁረጫው ይወጣል፤ ሲከብድ ይወርዳል። እንበል በቀላሉ ወረቀት ለኤ 70 ከመቶ ከተጠየቀ፣ በከባዱ 58 ሊበቃ ይችላል። ቦርዶቹም፣ ኤኪውኤም ሆነ ኦሲአር ወይም ፒርሰን ኤድኤክሴል፣ እንዳሻቸው አይቆርጡም፤ ተፈታኞቻቸው ቀደም ሲል በ16 ዓመታቸው ገደማ በሚወስዱት የጂሲኤስኢ ፈተና ያመጡትን ውጤት ይዘው ስንቱ ኤ ሊያገኝ እንደሚገባ ይገምታሉ። ኦፍኳል የሚባለው ተቆጣጣሪ ደግሞ ከላይ ሆኖ ያያል። «አንዱ ቦርድ ላይ ኤ ቢበዛ፣ ጎበዝ ተማሪ የሚልኩ ትምህርት ቤቶች ስለመረጡት ሊሆን ይችላል» አለ።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ግን አልተዋጠላቸውም። «ተወኝ ልጄ! እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ጋዜጠኞች ተደብቀው የቀረጹትን ረሳኸው? መምህራን ከፍለው በሚገቡበት ስብሰባ ላይ ፈታኞች ምን ሊመጣ እንደሚችል ፍንጭ ሲሰጡ ነው የተያዙት። ትምህርት ቤቱ ደንበኛ ከሆነ ቦርዱ ደንበኛውን ማስደሰት ይፈልጋል።»

መምህሩ ይህን አልካደም። በማግስቱ ዓመት የትምህርት ሚኒስትሩ ማይክል ጎቭ ለዋና ዋና ትምህርቶች አንድ ቦርድ ብቻ ይኑር ብለው እንደነበር፣ በ2013 መጀመሪያ ግን ሐሳቡን እንደተዉት እሱም ያስታውሳል። ፉክክሩ ስላለ ሥርዓተ ትምህርቱን ወይም አጠያየቁን ማለዘብ የሚፈልግ አይጠፋም፤ ግሬዱ ላይ ሲደርስ ግን መቁረጫው ያመጣጥነዋል ባይ ነው።

እስካሁን ዝም ብላ ያዳመጠችው በአንድ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ቢሮ የምትሠራው ነበረች። «እኛ ጋ ቦርዱን አይቶ ኤውን ያጣጣለ ሰው አላጋጠመኝም» አለች። የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዎችን የሚያስተናግደው የዩካስ ነጥብ ሲቆጠር ኤ ከየትም ቦርድ ይምጣ 48 ነው። የሚታየው የትምህርቱ ዓይነት ነው፤ ለምህንድስና የሚያመለክት ልጅ ሒሳብ ወስዷል ወይ ይባላል። በኤ ብቻ መለየት ያቃታቸው ደግሞ የራሳቸውን ፈተና ጨምረዋል፦ ካምብሪጅ ለሒሳብ ስቴፕን፣ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዩካትን፣ አንዳንድ የሕግ ክፍሎች ኤልናትን። እናትየው «እንግዲያው ግሬዱን አላመኑትም ማለት ነው» ስትላት፣ «አመልካቹ በዝቶ ሁሉም ኤ ይዞ ሲመጣ ምን ታደርጊያለሽ?» ብላ መለሰችላት።

እኔ በቦርዱ ጉዳይ ከመምህሩ ጋር ነኝ። መቁረጫው ልዩነቱን ፍጹም ባያጠፋውም፣ ልጅን «ከባድ ቦርድ ስለደረሰህ ተበደልክ» እያሉ ፈተና ክፍል ማስገባት ራሱን የቻለ ጉዳት ነው። ግን መምህሩም ሳያነሳው ያለፈው ነገር አለ። ኦፍኳል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት አንድ ተማሪ ዋናው ፈታኝ ቢያርምለት የሚያገኘውን ግሬድ የማግኘት ዕድሉን ለክቶ ነበር። በሒሳብ 96 ከመቶ ገደማ ነው፤ በታሪክ 56 ከመቶ ገደማ! ድርሰት በሚጻፍበት ትምህርት ሁለት ጥንቁቅ አራሚዎች በአንድ ወረቀት ላይ በቅን ልቦና ሊለያዩ ይችላሉ፤ መቁረጫው አካባቢ ላለ ልጅ ደግሞ ሁለት ነጥብ ግሬዱን ትቀይርበታለች። ስለዚህ ዕድል የሚገባበት ቀዳዳ ከቦርዱ ይልቅ አራሚው ጋ ሰፊ ነው። ይህን እያወቀ «በሦስቱ ትምህርቶችህ ኤ፣ ኤ፣ ቢ ካላመጣህ የለህም» የሚል ዩኒቨርሲቲ ግሬዱ ሊሸከመው የማይችለውን ነው የሚጭንበት። ለጥቂት የጎደሉትን የሚቀበሉ አሉ፤ እሰየው። ግን በምን መለኪያ እንደሚቀበሉ አስቀድመው በግልጽ ይጻፉት፤ ለመደወል የሚደፍር ወላጅ ያለው ልጅ ብቻ ተጠቃሚ መሆን የለበትም።

ክርክሩን የጀመረችው እናት ልጅ ታሪክም ይፈተናል። ነሐሴ ላይ ውጤቱ የወጣ ዕለት አንድ ግሬድ ቢጎድለው ጠዋቱኑ ወደ መግቢያ ቢሮው እንዲደውል ነገርኳት። መቁረጫው ሥር ከወደቀ የታሪክ ወረቀቱ እርማት እንደገና እንዲታይለት ትምህርት ቤቱን ይጠይቅ፣ ነጥቡ ሊወርድም እንደሚችል ግን አስቀድሞ ይወቅ አልኳት። ስልኳን አውጥታ መዘገበችው።